ረዳት አሰልጣኝ፣ የሙሉ ጊዜ

ኖቬምበር 4

ዋና አሰልጣኛችን ኮች ሃልቮር ከልምምድ በኋላ ቢሮአቸው ጠርተው «በሩን ዝጊው» አሉኝ። እሳቸው በሩን ዝጊው ካሉ ወይ ሰው ሊባረር ነው፣ ወይ ከተጫዋቾቹ አንዷ አርግዛለች። ሁለቱም አልነበረም። «ኮሪን፣ የአንቺን ቦታ የሙሉ ጊዜ ሊያደርጉት ነው» አሉኝ። በዓመት አርባ አንድ ሺህ ዶላር። የጤና መድን ከነጥርስ ሕክምናው። እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ በአሥራ አንድ ሺህ ተኩል አበልና በአንዲት የዶርም ክፍል የኖርኩ ሰው ነኝ! ክፍሏም ነጻ የሆነችው ፕሮክተር ስለሆንኩ ነው፤ ቁልፍ የጠፋባት ሁሉ እኔን ትቀሰቅሳለች።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ታዲያ እንቅልፍ ለምን እንዳልወሰደኝ አላውቅም። የምሳው ቺሊ፣ ያ የባቄላና የሥጋ ወጥ፣ ይሆናል። ከቀረፋ ዳቦው ጋር ሁለት ሳህን ነው የበላሁት።

ኖቬምበር 6

ማስታወቂያው ወጣ። ረዳት አሰልጣኝ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የሙሉ ጊዜ። የመጀመሪያ ዲግሪ የግድ። ማስተርስ ቢኖር ይመረጣል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አመልካቹ ከተማረበት ኮሌጅ በቀጥታ ይላክ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ስቀጠር ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ኮች «ቫን መንዳት ትችያለሽ? በረዶ ላይስ?» ነው ያሉኝ። እችላለሁ አልኩ፣ በቃ።

ዲግሪዬ እማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ማለቴ፣ ማህደሩ። መድረክ ላይ ለሁሉም የሚሰጡት ባዶ ማህደር ነው፤ ወረቀቱ በኋላ በፖስታ ነው የሚመጣው። የኔም ይመጣል ተብሎ ነበር። በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

ኖቬምበር 12

በሃያ ነጥብ ተሸነፍን። አምስት ሰዓት ቫን ውስጥ። ነፋስ። ሁለት ልጆች አስመለሳቸው።

ታሊያ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮሌጁ ማስተርሷን በነጻ ያስተምራታል፣ እሷ በምትኩ እኛን ትረዳለች። ሜይ ላይ ትጨርሳለች። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ለዚያ ሥራ አመለክት ነበር» አለችኝ። «አመልክቺ እንጂ! እኔ ምን አገባኝ!» አልኳት። እንዴት ያለሁ ቸር ሰው ነኝ።

ኖቬምበር 17

ዛሬ ያደረግሁትን ብጽፈው ይወጣልኝ እንደሆን።

የጥናት ሰዓቱን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። እያንዳንዷ ተጫዋች በሳምንት ስምንት ሰዓት ቁጭ ብላ ታጠናለች፣ እኔ እፈርማለሁ። ጃሊሳ የመጨረሻ ዓመት ናት፣ ኳስ አቀባያችን፣ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። የጂኦሎጂ ክፍል መግባት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለምን ብላት ሳቀች።

«ኮች፣ ምን አስጨነቀሽ? ባልጨርሰውም ሜይ ላይ ጋውን አልብሰው መድረክ ያወጡኛል። አጎቴ እንደዚያ ነው ያደረገው። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቀው?»

እኔ ደግሞ ጮኽኩባት። ተራ ጩኸት አይደለም። «መድረክ መርገጥ መመረቅ አይደለም! ገባሽ? ዕድሜ ልክሽን ስትሸማቀቂ ልትኖሪ ነው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። አሥራ ሁለቱም ልጆች አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ኮች ሃልቮር በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም። ጃሊሳ መጽሐፏን ሰብስባ «አይዞሽ ኮች፣ ትንሽ ተንፈሺ» ብላኝ ወጣች።

ምን ነካኝ? ለልጆቹ ስለማስብ ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

ኖቬምበር 26

የምስጋና በዓል። እማዬ ቤት።

እማዬ ለአክስቴ «ኮሪን የኮሌጅ ሹመት አግኝታለች» አለቻት። «ገና አላገኘሁም፣ ማመልከቻ ነው» ብላትም «ያው ነው» አለች። እማዬ ሃያ ስምንት ዓመት የሥጋ ፋብሪካ መስመር ላይ ቆማለች። ለምረቃዬ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስዳ፣ አዲስ ጫማ ገዝታ መጣች። ጫማው ተረከዟን ልጦት ነበር፤ እያነከሰች ነው ፎቶ የተነሳነው። ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዕቃ ስታጥብ ማህደሩን ከግድግዳ አወረድኩት። ከውስጡ የሆነ ነገር ይኖራል ብዬ ነው፣ ሰው የማያየው። ካርቶን ነው። መልሼ ሰቀልኩት። እማዬ እጇን እየጠረገች መጥታ «ዘመመ» ብላ አስተካከለችው።

ዲሴምበር 2

የድሮ ኮሌጄ ሬጅስትራር ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ድምጿ እናት እናት ይላል።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ የማየው መቶ አሥራ ሰባት ክሬዲት ነው። የሚያስፈልገው መቶ ሃያ።»

«የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ስላለብኝ ነው?» አልኳት።

«ቅጣትማ የለብሽም። ስታትስቲክስ ነው። ኢንኮምፕሊት ነበር፤ በዓመቱ ኤፍ ሆኗል። ደብዳቤ ልከንልሻል፣ ሦስት ጊዜ።»

ስታትስቲክስ! ያኔ የመጨረሻ ዓመቴ ውድድር ላይ ነበርን፤ ፈተናው ሲሰጥ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። አስተማሪው «በጋውን ጨርሺው» አለኝ። የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር። ማለቴ፣ እንዳልጨረስኩት አላሰብኩም ነበር። ደብዳቤዎቹን የቅጣት መስለውኝ አልከፈትኳቸውም። ሦስቱንም ግን አስታውሳቸዋለሁ፤ ፖስታው ላይ ያለውን ቀይ ማኅተም ሳይቀር።

ጃንዋሪ 13 የሚጀምር የስምንት ሳምንት የኢንተርኔት ትምህርት አለ። ብጨርሰው ዲግሪው የሚሰጠው ሜይ ነው። ለሥራው ሰው የሚመረጠው ግን ፌብሩዋሪ ነው።

ዲሴምበር 5

ኮች ሃልቮር የጨዋታ ቪዲዮ እያየን ሳለ ቪዲዮውን አቆሙና «ኮሪን፣ ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኳቸው። ከዚያ ስለ ግራ ክንፍ መከላከላችን ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ሰሌዳ ላይ ሳልኩላቸው። ቀስቶች፣ ክቦች። እስኪያልቅ ሰሙኝና «እሺ» አሉ። ብቻ «እሺ»።

መከላከሉ ግን እውነት ችግር አለበት።

ዲሴምበር 13

ፎርሙን ሞላሁ።

«ያጠናቀቁት ከፍተኛ የትምህርት ደረጃ» ይላል። ምርጫዎቹ፦ ሁለተኛ ደረጃ። ኮሌጅ የጀመረ። የመጀመሪያ ዲግሪ። ማስተርስ። ዶክትሬት። «ኮሌጅ የጀመረ» ይበሉኝ? አራት ዓመት ኳስ ይዤ ከመሬት የተላተምኩበትን፣ ሁለት ጊዜ የጉልበቴ ጅማት የተበጠሰበትን? ለአንድ ሴሚስተር ገብቶ ጠጥቶ የወጣውም እኮ «ኮሌጅ የጀመረ» ነው!

ባዶ ልተወው ብል ገጹ አላልፍ አለኝ። ሜይ ላይ ስለማገኘው አለኝ ማለት ይቻላል። አንድ ሰው በሰባት ሰዓት ምሳ ቢበላ በስድስት ሰዓት ተርቧል ይባላል? ይባላል ለካ። መጥፎ ምሳሌ ነው።

«የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚለውን ነካሁት። መጨረሻው ላይ «ከላይ የሰጠሁት መረጃ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል፣ ሥሩ ላይ ስም መጻፊያ። ስሜን ጻፍኩ። ኮሪን ሃፍነር። ስሜማ እውነት ነው።

ዲሴምበር 19

ማልያ እያጠብኩ የሰማሁት። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ግሪሰምና ኮች ሃልቮር ነበሩ።

እሱ፦ «የታሊያ ማስተርስ ለኮሌጁ ፕሬዝዳንት ለማሳየት ይቀላል።»

እሳቸው፦ «ይህን ቡድን ስድስት ዓመት የተሸከመችው ኮሪን ናት።»

እሱ፦ «እሱን ማን ካደ። ወረቀቱ ነው እንጂ።»

እሳቸው፦ «ወረቀቱን ለኔ ተወው አልኩህ እኮ። አንተ ፈርምልኝ።»

ከዚያ ማሽኑ መጭመቅ ጀመረና አልሰማሁም። የትኛው ወረቀት? ስለ ታሊያ ነው ወይስ ስለ እኔ? ኮች ለእኔ ሊከራከሩ ነው ወይስ ሊያወርዱኝ? ግራ ገባኝ። ነጭ ማልያዎቹን ከቀይ ካልሲ ጋር ከትቻቸው ኖሮ ሮዝ ሆነው ወጡ።

ጃንዋሪ 14

የስታትስቲክስ ትምህርቱ ተጀመረ። አማካይ። ማዕከላዊ። የተደጋገመ። ለማንም አልነገርኩም። የምማረው ዶርሙ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ መጥረጊያና ፍራሽ መሃል ተቀምጬ ነው። ደግሞ አይከብድም! ያስለቀሰኝ አለመክበዱ ነው። መድረክ ከረገጥኩ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ በማናቸውም ስምንት ሳምንት ልጨርሰው እችል ነበር።

ጃንዋሪ 22

ከሰው ኃይል ክፍል ወይዘሮ ኪንዚ ደወለች። ደግ ሴት ናት፣ ጨዋታ አያመልጣትም፣ ራሷ የሠራችውን ኩኪስ ታመጣልናለች።

«የሁሉም ደርሶኛል፤ የአንቺ ትራንስክሪፕት ብቻ ነው የቀረው።»

«ፖስታ ቤቱ ነው» አልኳት።

«አሁን እኮ የሚላከው በኢሜይል ነው።»

«እንግዲያው ኢሜይሉ ነው» አልኩ።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እኔም ሳቅሁ።

ጃንዋሪ 29

አሸነፍን። ጃሊሳ ሃያ ሁለት ነጥብ አስቆጠረች። ጂኦሎጂ አሁንም አልገባችም፤ በዚህ ሴሚስተር ደግሞ እንደገና ተመዝግባ እንደገና እየቀረች ነው። ሰዓቷን ፈረምኩላት። ምን ብዬ ልናገራት? ከኔ አፍ?

ፌብሩዋሪ 3

ቃለ መጠይቅ። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ግሪሰም «በሥራሽ ከሁሉ የሚያኮራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ተጫዋቾቼ ሁሉ መመረቃቸው» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። እውነትም ነው ደግሞ፣ በስድስት ዓመት አንዲት ልጅ አላመለጠችኝም። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮች ሃልቮር ብቻ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

ጥሩ ሄደልኝ። ስወጣ ወይዘሮ ኪንዚ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አንቺ ነሽ፣ ምንም አትጨነቂ፣ ያቺን ኢሜይል እኔ ራሴ እከታተላታለሁ» አለችኝ። አመሰገንኳት። ካመሰገንኳት በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባኝ። ልመለስና ልንገራት አልኩ። እግሬ ወደ ልምምድ አዳራሹ ወሰደኝ።

ፌብሩዋሪ 7

ከኮች ጋር ለብቻችን፣ ምልመላ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ልጅ ልናይ። እኔ ነድቼ። በረዶ በግራም በቀኝም።

ኮች ድንገት «ያኔ ስቀጠር ምን እንዳልነበረኝ ታውቂያለሽ? መንጃ ፈቃድ» አሉ። «አንድ ዓመት ሙሉ ቡድኑን ያለ መንጃ ፈቃድ አመላለስኩ። በመጨረሻ ለአለቃዬ ነገርኩት። ተሳደበ፣ ከዚያ ራሱ ወስዶ አስፈተነኝ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቅዳሜ ማንን እናሰልፍ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ አሰላለፉ ስለፈልፍ ነዳሁ።

አሁን ልነግራቸው ነው። ነገ። ከነገ ወዲያ ጨዋታ አለ፤ ከጨዋታው በኋላ።

ፌብሩዋሪ 12

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ አልቋል።

ግሪሰም ቢሮ ጠሩኝ። ግሪሰም፣ ወይዘሮ ኪንዚ፣ ኮች። ወይዘሮ ኪንዚ ዓይኗ ቀልቷል። «ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው ኮሌጅሽ የደወልኩት፤ ቶሎ እንዲልኩልሽ» አለች። «ዲግሪ አልተሰጣትም አሉኝ። የሌላ ሰው ስም ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው።»

ግሪሰም ፎርሙን ወደ እኔ ገፋው። «ይህን የሞላሽው አንቺ ነሽ?»

«ሜይ ላይ እኮ…» አልኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ገጹ አላልፍ ስላለኝ።

ኮች ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አላነሱም።

«ጃሊሳ ላይ የጮኽሽ ቀን ነው የገባኝ» አሉ። «ግሪሰምን ለምኜ አስፈረምኩት። ዲግሪ ለሌለው ስድስት ዓመት ልምድ ይበቃል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጨርስ የሚል ወረቀት። ከዲሴምበር ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ‹የለኝም› እንድትዪኝ ብቻ ነበር የምጠብቀው። ስንት በር ከፈትኩልሽ፣ ኮሪን? ስንት ጊዜ?»

«ለምን በግልጽ አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ተመልከቱ እንግዲህ ድፍረት!

«እሱ የኔ ጥፋት ይሆናል» አሉ። «ከራስሽ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ዲግሪ የሌለውን ሰው መቅጠር እችላለሁ። አለኝ ብሎ የፈረመውን ግን አልችልም። ልጆቹን ለማን አምኜ እሰጣለሁ?»

ያንን የመጨረሻውን ባይሉኝ ምን ነበረበት።

ፌብሩዋሪ 16

ሥራው ለታሊያ ተሰጠ። ዶርሜ መጥታ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «እምቢ ልበላቸው?» አለችኝ።

«እምቢ ካልሽ ሁለተኛ አላናግርሽም። ይልቅ ነይ፣ የቫኑ ማሞቂያ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ፤ በቡጢ ካልመታሽው አይነሳም።»

የኔ የአበል ቦታም በዚያው ተዘጋ፤ ገንዘቡ ወደ አዲሱ ሥራ ዞሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እስከ ውድድሩ መጨረሻ ሥሪ፣ ክፍሉም እስከ ሜይ ይቆይልሽ ብለውኛል። ደግነት ነው። ለልጆቹ «በግል ምክንያት» ተብሎ ተነገራቸው።

እማዬ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

ፌብሩዋሪ 26

በመጀመሪያው ዙር ወጣን። በአንድ ነጥብ። ጃሊሳ ወለሉ ላይ ተኝታ አለቀሰች። እኔ ማልያ ሰበሰብኩ።

ማርች 9

የስታትስቲክስ የመጨረሻ ፈተና ዛሬ ነበር የሚከፈተው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔቱ አልሠራ ስላለኝ ወደ ጥናት ክፍሉ ሄድኩ። ውድድር ስላለቀ ማንም አይኖርም ብዬ ነበር። ጃሊሳ ብቻዋን እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ስልኳን ትነካካለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። ተነስታ ከኋላዬ መጣች፣ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች።

«እንዴ ኮች! ይሄ የታናሽ እህቴ ትምህርት አይደል እንዴ? አንቺ ምን ትሠሪበታለሽ? ተመርቀሽ የለ?»

«አልተመረቅሁም» አልኳት።

ለኮች እንኳ በአፌ አላልኩትም፤ ሌላ ሰው ነው ያለልኝ። «ጋውን ለብሼ መድረክ ወጥቻለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል፣ ማህደርም ተቀብያለሁ። ግን አልተመረቅሁም። ሥራውን ያጣሁትም ስለሱ ዋሽቼ ነው። የግል ምክንያት የሚባል ነገር የለም።»

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

«እና ያን ቀን እንደዚያ ስትጮሂብኝ…?»

«አዎ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስንት ነው የጎደለሽ?»

«ሦስት ክሬዲት።»

«የኔ አራት ነው» አለች፤ ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እናትሽ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ኮች፣ ሙች ብዬሻለሁ፣ ደውይላቸው። ማን ጠየቀው ያልኩሽ አጎቴ እንኳ ተነቅቶበታል፤ አለመመረቁን የሰማነው ከሰው ነው። አያቴ እስከ ዛሬ አታናግረውም።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። እማዬ ከፋብሪካ መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን ስታወልቅ ይሰማኛል። «የት ጠፋሽ? ሥራው እንዴት ሆነ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስታትስቲክሱን፣ ሦስቱን ደብዳቤ፣ ፎርሙን፣ ማህደሩ ባዶ መሆኑን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አሁን እየተማርኩ መሆኔን፣ ሜይ ላይ እውነተኛው እንደሚሰጠኝ ጨመርኩላት። ቴሌቪዥኑን ስታጠፋው ተሰማኝ።

«እና እኔ» አለች፣ «ያን ቀን የቆምኩት፣ ያጨበጨብኩት፣ ለምኑ ነበር?»

ስልኩን እሷም አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።